«ጥንካሬ» እና «ብየዳ»፦ ሁለት የወርክሾፕ ቃላት የሸፈኗቸው ልዩነቶች



ስለ ቴክኒክ ቃላት ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው በአማርኛ የሌሉንን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ያሉንን ነው። የጎደለ ቃል ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ሁለትና ሦስት ነገር ጠቅልሎ የያዘ ቃል ግን ሳንረዳው የተረዳነው ያስመስለናል።

«ጥንካሬ»ን እንመልከት። በተለመደው አነጋገራችን ሞረድም፣ የድልድይ ብረትም፣ የመኪና ባሌስትራም «ጠንካራ» ናቸው። ሞረድ መጫርን ይቋቋማል፤ ይህን ባሕርይ በክፍል ውስጥ «ጥጥረት» እለዋለሁ። (ፊዚክስ «ጠጣር»ን አስቀድሞ ስለወሰደው ቃሉ እንከን የለውም አልልም።) የድልድይ ብረት ከባድ ሸክም ተሸክሞ ቅርጹን አይለቅም፤ «ጥንካሬ» ለዚህ ቢቀር ይሻላል። ባሌስትራ ደግሞ ድንገተኛ ምት ቢያርፍበት አይሰበርም፤ ለዚህ አጭር ቃል ስላላገኘሁ «ስብራትን መቋቋም» እላለሁ።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በቂ ካርቦን ያለውን ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አግለን ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ስንነክረው ጥጥረቱ በእጅጉ ይጨምራል፤ ስብራትን የመቋቋም ዐቅሙ ግን ይወድቃል። ስለዚህ እንደ ዕቃው አገልግሎት ከ150 እስከ 650 ዲግሪ ባለው መካከል እንደገና ይሞቃል። ይህን «ማለዘብ» እለዋለሁ። ልምድ ያለው ቀጥቃጭ የብረቱ ገጽ ከገለባ ቢጫ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ አይቶ ደረጃውን ይለያል። «መንከር ብረትን ያጠነክራል» ተብሎ የተማረ ተማሪ ግን «ታዲያ ያጠነከርነውን ለምን እናደክመዋለን?» ብሎ ይጠይቃል። ግራ ያጋባው ቃሉ ነው፤ ጥያቄውስ ትክክል ነው።

«ብየዳ»ም እንዲሁ ነው። በአርክ ብየዳ የሚጋጠሙት ብረቶች ራሳቸው ጠርዛቸው ቀልጦ ይዋሐዳል። በኤሌክትሮኒክስ ላብራቶሪ ግን 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ቅይጥ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ መዳቡ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ስለሆነ እንዳለ ይቆያል። ቅይጡ እንዲይዝ መዳቡ ራሱ መሞቅ አለበት። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ስም የተማረ ልጅ ቅይጡን ብቻ አቅልጦ በቀዝቃዛው መዳብ ላይ ያንጠባጥባል። መጋጠሚያው ለዓይን ደኅና ይመስላል፤ ኋላ ግን ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የተበየደ ባሌስትራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከብየዳው ጎን ነው፤ ባለመኪናውም «ብየዳውማ ይዞ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። ከብየዳው አጠገብ ያለው፣ ሳይቀልጥ የጋለው ክፍል ግለቱን በዙሪያው ላለው ቀዝቃዛ ብረት በፍጥነት ስለሚያስረክብ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ይሆናል፤ ማርተንሳይት የተባለው ጥጥርና ተሰባሪ ውቅር ይፈጠርበታል። የለዘበም አይደለም። ይህን ክፍል «ግለት የነካው ቀጠና» ብለን እንጥራው። በያጁ ስሙን ካወቀ አስቀድሞ ማሞቅና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል፤ ባሌስትራ ከሆነ ደግሞ ከመበየድ ይልቅ መለወጥ እንደሚሻል ለደንበኛው ያስረዳል።

«ማርተንሳይት»ን እንዳለ እንቀበለው። ከጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም የተወሰደ ነውና የሚተረጎም ነገር የለውም።