ፈውስ ሲያቃጥል



ጠበል ሲረጭ ታማሚው ይድናል፣ በላዩ ያደረው መንፈስ ግን «ተቃጠልኩ!» ብሎ ይጮኻል። ያው አንዱ ውኃ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው እሳት መሆኑ ለአማርኛ አድማጭ እንግዳ አይደለም። በጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስና በወረቀት የሚካሄዱት የምናብ ጨዋታዎችም በዚሁ ጉዳይ ላይ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲወዛወዙ ኖረዋል። ካህኑ የፈውስ እጁን ሞቶ በሚንቀሳቀስ ፍጡር፣ በዞምቢ ወይም በቫምፓየር ላይ ቢጭን ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ የደንብ መጽሐፍ ሕያው ሙት ምን እንደሆነ ሳይናገር አያልፍም።

የካህኑ ገጸ ባሕርይ አፈጣጠር ራሱ ከእነዚህ ፍጡራን ጋር የተያያዘ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዴቭ አርኒሰን በአሜሪካዋ ሚኒሶታ «ብላክሙር» የተሰኘ ጨዋታ ይመራ ነበር። ሰር ፋንግ የተባለ ቫምፓየር ከልክ በላይ በረታና የሚገታው ታጣ። መፍትሔው የተገኘው ከእንግሊዝ የአስፈሪ ፊልሞች፣ መስቀል ይዞ ቫምፓየር ከሚያሳድደው ሰው ነው። አርኒሰንና ጋሪ ጋይጋክስ በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያወጡ ካህኑ ቁስለኛ የሚፈውስና ሕያዋን ሙታንን የሚያባርር ሆኖ ገባ።

ሁለቱ ሥራዎቹ ግን ገና አልተገናኙም። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ፈውስ ሕይወት የሌለውን ፍጡር ቁስል እንደማያድን ደነገገ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።

ነገሩ የተገለበጠው በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ሕይወትን የሚመግብ አዎንታዊ ኃይልና ሕይወትን የሚያከስም አሉታዊ ኃይል ፊት ለፊት ቆሙ። ሕያው ሙትን የሚያቆመው አሉታዊው ነው። ስለዚህ ቀላል ቁስል የሚያድነው ምትሃት ሲሠራ ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ የካህኑ ደረጃ እስከ አምስት ድረስ ይደመርበታል፤ ድምሩ ለሰው የሚጨመር የሕይወት ነጥብ፣ ለዞምቢ ግን የሚቀነስ ነው። ቁስል የሚያደርሰው ምትሃት ደግሞ ለዞምቢው መድኃኒቱ ሆነ።

ከሁሉም እትሞች የዚህኛው መልስ ይበልጣል። የካህኑ ምትሃት ለቀን የተቆጠረ ነው። ጓደኛው ወድቆ ደሙ ይፈስሳል፣ ቫምፓየሩ እየቀረበ ነው፣ የቀረው ፈውስ አንድ ብቻ ነው። ለወደቀው ይስጥ ወይስ ጠላቱን ያቃጥልበት? ለማቃጠል ደግሞ መንካት ግድ ነው፤ እጁን ወደ ቫምፓየሩ ጥርስ መዘርጋት አለበት። ሰይፍ የያዘ ተጫዋች እንዲህ ያለ ምርጫ አይገጥመውም።

ደንቡ አዎንታዊ ኃይልን ከደግነት ጋር አለማምታታቱም ያስመሰግነዋል። ይኸው ኃይል በበረታበት ዓለም የገባ ጤነኛ ሰው በየዙሩ አምስት ትርፍ የሕይወት ነጥብ ይጫንበታል፤ ትርፉ ከዋናው ሲበልጥ ሰውነቱ ሊፈነዳ ይችላል። በ2004 የወጣው፣ ኪት ቤከር የፈጠረው የ«ኤበሮን» ዓለም ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በዚያ የአይሬናል ደሴት ኤልፎች ሙታን አባቶቻቸውን ያቆዩት በአዎንታዊው ኃይል ነው፤ እነዚህን ሙታን ፈውስ አያቃጥላቸውም፣ ያድናቸዋል እንጂ። ወሳኙ መሞት ሳይሆን ፍጡሩ የሚመገበው ኃይል መሆኑ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

የ2008ቱ አራተኛ እትም የማቃጠሉን ሥራ ከፈውስ ነጥቆ ለብርሃን ሰጠ። በ2014 አምስተኛው እትም ቁስል የሚያድነው ምትሃት በሕያዋን ሙታን ላይ ምንም እንደማይሠራ ጻፈ፤ በ2024 ሲታደስ ክልከላው ራሱ ተሰረዘ። ዛሬ ካህን ዞምቢን እንደ ማንኛውም ቁስለኛ መፈወስ ይችላል። ለጀማሪ እንደሚቀል አይካድም፤ ነገር ግን ያ አስጨናቂ ምርጫ አብሮ መሄዱ ትልቅ ኪሳራ ነው።

አሮጌውን ሐሳብ ያቆየው በ2009 የወጣው «ፓዝፋይንደር» ነው። በዚህ ጨዋታ በሰውና በቫምፓየር መካከል የተወለደ ዳምፒር የሚባል ፍጡር አለ። ዳምፒር በሕይወት ያለ ነው፣ ለፈውስ ግን እንደ ሙት ይቆጠራል። ካህኑ አጽሞችን ለማቃጠል ኃይሉን በ30 ጫማ ዙሪያ ሲለቅ፣ ልዩ ችሎታ ተምሮ ካልለየው በቀር፣ አብሮት የተሰለፈው ዳምፒርም ይቃጠላል። ቆስሎ ሲወድቅም ጓደኞቹ የፈውስ እጅ እንዳይነካው ይከላከሉለታል። ስለዚህ ዳምፒር ያለበት ቡድን ክፉ ካህንን ድል ባደረገ ጊዜ፣ ከሬሳው ላይ ያገኘውን ቁስል የሚያደርስ በትር አይጥልም። ለወዳጃቸው ብለው በሻንጣቸው ይይዙለታል።