የወለደችና ያሳደገች ሲካሰሱ ልጁን ማን ይጠይቀው?

(በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሽምግልና ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ወደ ዕለቱ አጀንዳ ከመግባታችን በፊት በየቤታችን ስላለ ነገር ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን። የእህቱን፣ የወንድሙን ወይም የልጁን ልጅ ያላሳደገ ቤት በመካከላችን ጥቂት ነው። እናት ስትሞት፣ አባት ለሥራ ርቆ ሲሄድ፣ ልጃችን ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ስትሻገር፣ ሕፃኑ አያት ወይም አክስት ጉያ ይገባል። ወረቀት የለም፤ «አደራ» ተብሎ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ወላጅ «ልጄን ስጡኝ» ያለ ዕለት ነው።

በቅርቡ እንዲህ ያለ ጉዳይ እኛው ፊት ቀርቦ ነበር። እናት ከዐረብ አገር ተመልሳ ልጇን ጠየቀች። አያቱ «ኩፍኝ ሲይዘው የት ነበርሽ?» አሏት። እሷም «የላክሁት ብር ለእሱ አልነበረም ወይ?» ብላ አለቀሰች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኛም ስለ ብርና ስለ ወጪ ስንከራከር ሁለት እሑድ ዋልን። በሦስተኛው እሑድ አንዲት አባላችን «ኧረ ለመሆኑ ልጁን የጠየቀው አለ?» ስትል ሁላችንም አቀረቀርን። የአሥር ዓመቱ ልጅ በሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ሲሰማ ኖሯል። አጥፍተናል።

ስንጠይቀው «ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ፤ ግን የእማማን መድኃኒት ማን ያስታውሳቸዋል?» አለ። ስለዚህ ትምህርት እስኪዘጋ ከአያቱ ጋር እንዲቆይ፣ ቅዳሜና እሑድ ከእናቱ ጋር እንዲያድር ተስማሙ።

ሕጉም ልጁን ያስቀድማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ በዚያው አንቀጽ ግን ስለ ሕፃን ሲወሰን ደህንነቱ በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሞግዚትነቱን ለቀረው ይሰጣል። ዳሩ ግን በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት እናቷ ሞታባት አክስቷ ያሳደገቻትን ልጅ ጉዳይ አይቶ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት የሰጡትን ውሳኔ ሽሮ ከአክስቷ ጋር እንድትቆይ ወስኗል። ይህ ማለት ያሳደገ ሁሉ ይረታል ማለት አይደለም፤ ወላጅነት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

እንግዲህ አደራችን ይህ ነው። ልጅ ስትሰጡም ሆነ ስትቀበሉ ስለ ቀለቡ፣ ስለ ትምህርቱና ስለሚመለስበት ጊዜ በምስክር ፊት ተጻጻፉ። አሳዳጊዎች፤ የወላጁን ስም በልጁ ፊት አታጥፉ። ወላጆች፤ በመጣችሁ ማግስት ልጁን ሻንጣ አታሸክሙት፤ መጀመሪያ ይልመዳችሁ። ሽምግልና ካቃተው ፍርድ ቤት አለ፤ ልጅን ከትምህርት ቤት በር ላይ ነጥቆ መሄድ ግን ለማንም አይበጅም።

የዕቃ አደራ ባለቤቱ ሲመጣ ይመለሳል። የሰው አደራ ግን አፍ አለው፤ ይጠየቅ።