«ማን ይምራን?» ከማለታችን በፊት
(ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

 

ፌስቡክ ላይ ስንጨቃጨቅ የምንውለው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ይምራን?» አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው ያንኑ ስም ያጠፋል። እኔ ዛሬ ሌላ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ «በምን ሥርዓት እንመራ?» ለዚህ የዛሬ 2 ሺህ ዓመት ገደማ የነበሩ ሁለት ታላላቅ መንግሥታትን እንይ፤ ሮምንና በሃን ሥርወ መንግሥት ትተዳደር የነበረችውን ቻይናን። ከዚያ ወደ ወለጋችን እንመለሳለን።

ሮም ያን ሁሉ አገር ስትገዛ ከመሀል የምትልካቸው ሹማምንት ጥቂት ነበሩ። ግብሩን የሚሰበስቡት፣ ከተማውን የሚያስተዳድሩት የየአገሩ ባላባቶች ናቸው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የአገሬውን ንጉሥ በዙፋኑ ትተወዋለች። ሄሮድስን ታውቁታላችሁ አይደል? የሮም ወዳጅ ስለነበር ነገሠ። እሱ ሞቶ ልጆቹ ግዛቱን ተካፈሉ፤ በ6 ዓ.ም (እ.ኤ.አ) ሮም ይሁዳን ከአንደኛው ልጅ ነጥቃ የራሷን ገዥ ላከች። ጲላጦስ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የይሁዳ ራስ ገዝነት ዋስትናው የአንድ ሰው ወዳጅነት ነበር፤ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ሄደ።

ሮም ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርጋለች። በሯን ከፍታለች። በዛሬዋ ሊቢያ የተወለደው ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። በ212 እ.ኤ.አ ደግሞ በግዛቱ ያለ ነፃ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ዜግነት አገኘ።

ቻይና በሌላ መንገድ ሄደች። በ2 እ.ኤ.አ ሕዝቧን ቆጥራ ከ57 ሚሊዮን በላይ ሰው መዝግባለች። አገሪቱ ከ1,500 በላይ ወረዳ ነበራት፤ ወረዳውን የሚመራው ከመሀል የተሾመ ሰው ነው። ሹሙ በተወለደበት አገር እንዳይሾም ተከለከለ፤ ለዘመዱ እንዳያደላ ነው። ደመወዙ በእህል ተሰፍሮ የታወቀ ነበር። ለሹመት የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤትም በ124 ቅ.ል.ክ በዋና ከተማዋ ተከፍቷል። ሥርወ መንግሥቱ ወደቀ፤ የወረዳውና የመዝገቡ አሠራር ግን ለሚቀጥሉት መንግሥታት ተረፈ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

በ1874 ዓ.ም ከእምባቦ ጦርነት በኋላ የሌቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ ገበረ። በስምምነቱ ሌቃ ግብሯን እየከፈለች ራሷን ማስተዳደር ቀጠለች፤ ልጁ ኩምሳም፣ ማለትም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በዚያው ቀጠለ። ቤተ መንግሥቱ ዛሬም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። በቄለም ጆቴ ቱሉም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ገብሮ ግዛቱን ይዞ ነበር። በኋላ ግን ከመሀል መንግሥት ጋር ተጣላ፤ ሥልጣኑን ተነጠቀ፣ ቄለምም ከማዕከል በሚላኩ ሹማምንት እጅ ገባች።

ልብ በሉ! ሁለቱም የወለጋ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ገብረዋል። የአንዱ ግዛት ራሱን ማስተዳደር ቀጠለ፣ የሌላው ሕዝብ ከማዕከል ለመጣ ሹም ገባር ሆነ። ልዩነቱ ከላይ ካለው ሰው ጋር መስማማትና መጣላት ነበር። ይሄ የሄሮድስ ታሪክ ነው እኮ!

ቄለም የሄደው ሹም ደግሞ እንደ ቻይናው ሹም ከሌላ አገር የመጣ ነው። ነገር ግን የቻይናው በደመወዝ ሲኖር ይሄኛው የሚኖረው በገባሩ ጉልበትና እህል ነበር። ስለዚህ ያኔ የደረሰን ከሮም በሰው ላይ የተንጠለጠለው ውል ነው፣ ዜግነቱ ቀረ። ከቻይናም የተላከው ሹም ደረሰን፣ ትምህርቱና ደመወዙ ቀረ። በቃ፣ የሁለቱንም ጉዳት ወስደን ጥቅማቸውን ሳናገኝ ቀረን።

እነሱ ያልነበራቸው፣ እኛ ግን የነበረን ነገርም አለ። የሮሙም ሆነ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ሥልጣን የሚለቅበት ቀን አልነበረውም። በገዳ ግን አባ ገዳው 8 ዓመቱን ሲጨርስ ያስረክባል። ጎበዝ ነው፣ ሕዝቡ ይወደዋል ተብሎ አይራዘምለትም። በእኛ አካባቢ ይህን ያዳከሙት ኃያላን የሆኑት የራሳችን ሞቲዎች ጭምር መሆናቸውንም አንካድ።

እንግዲህ ወጣቱ፣ ሥራችን ምንድን ነው? የምንወደው ሰው ወንበር ላይ ሲወጣ አጨብጭበን ወደ ቤት አንግባ። እንጠይቀው፦ የምትለቅበት ቀን መቼ ነው? ሹሞችህን በምን መዘንካቸው? ከእኛ ወገን ያልሆነውስ ጎረቤታችን እንደኛ ባለቤት ነው ወይ? ጥያቄውን ከራሳችን ንቅናቄ እንጀምር። የራሱን መሪ መጠየቅ የሚፈራ ወጣት የሌላውን መሪ ቢጠይቅ ማን ይሰማዋል?

ኩምሳ ሞረዳን እናከብራለን፣ ጆቴ ቱሉንም እናከብራለን። ለልጆቻችን ግን በሰው ዕድሜ የማይለካ ነገር እናውርሳቸው።