ጤፍ በጥር፣ ቅቤ በጾም

በቢቸናና በሞጣ ገበያ ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚለው መኸሩንና ጾሙን ተከትሎ ነው።

ከጤፍ እንጀምር። አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ውቂያው ሲያልቅ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል፣ ልጆቹን ለማልበስ ብዙ እህል ባንድ ጊዜ ያወጣል፤ ዋጋውም በዚያው ሰሞን ይረግባል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ጎተራው ይሟጠጣል፣ መንገዱም ይጨቀያል፤ ዋጋውም ይንራል። ያኔ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚሸምተው ቤተሰብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ በእጁ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው በውድ ይገዛል።

ስለዚህ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥታችሁ በጥር ወይም በየካቲት ኩንታሉን አንስታችሁ ተካፈሉ። ዕቁብ ያላችሁም ገንዘቡ በዚያ ወቅት እንዲደርሳችሁ ተራ ተለዋወጡ። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎ አይደፍረውም። መድረቁን ግን አረጋግጡ፣ አፈርና አሸዋ እንዳይኖረው እዩ፣ ጆንያውንም ከወለል ከፍ አድርጉ።

ቅቤ ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙው ቤት ስለማይበላው ፈላጊው ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ይወደዳል። በጾሙ አጋማሽ ገዝታችሁ፣ ውሃው ጨርሶ እስኪተን አንጥራችሁ፣ በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ክደኑት። ዶሮም በጾም ይረክሳል፤ እስከ በዓሉ የምትቀልቡት ጥሬ ስንት እንደሚፈጅ ግን አስቀድማችሁ አስሉ።