«ፋሽነብል» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይኸውም «ፋሽነብል» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ለአንድ ቃል ይህን ያህል ጊዜ ማጥፋት ይገባልን? የሚል ቢኖር፣ ቃልን አጣሞ መተርጐም ሰውን አጣሞ ወደ መመዘን ያደርሳል ብለን እንመልሳለን።

«ፋሽን» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ «መሥራት» ማለት ከሆነው የላቲን ግሥ ይመዘዛል። በመጀመሪያ የአንድን ነገር አሠራርና ቅርጽ ያመለክት ነበር፤ ኋላ ግን ብዙ ሰው ለጊዜው የሚከተለው የአለባበስና የአኗኗር ልማድ መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ «ፋሽነብል» ማለት በጊዜው በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ማለት ነው። ቃሉ ስለ ጊዜውና ስለ ተከታዩ ይናገራል እንጂ ነገሩ መልካም ወይም ክፉ ስለ መሆኑ አንዳች አይመሰክርም።

ከዘመዶቹም እንለየው። «ስታይሊሽ» የሚያምርበትን የሚያውቀውን ሰው ያመሰግናል፤ እንዲህ ያለው ሰው ፋሽኑ ቢያልፍም ስታይሊሽ ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተለመደው «ትሬንዲ» ግን ብዙ ጊዜ የፌዝ ቃና አለው፤ አዲስ ነገር በመጣ ቍጥር የሚሮጠውን ይነካል። «ኦልድ ፋሽንድ»ም እንደ አነጋገሩ ነቀፋም ፍቅርም ይሆናል።

በእኛ ቋንቋ ለለባሹ «ዘናጭ» የሚል ቃል አለን። ብዙዎቻችን ግን «ፋሽነብል»ን «ሥልጡን» እያልን እንተረጕማለን። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ፋሽን የሚከተል ሁሉ ሥልጡን ከተባለ፣ የማይከተል ሁሉ ኋላ ቀር ሊባል ነው፤ ነጠላ የለበሰች እናታችንም ጭምር!

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያሻ ከተማሪዎች ታሪክ እናስታውስ። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች የባዕድ ባህል ተጽዕኖ ነው ብለው ተቃወሙ፤ በግርግሩም ወደ ትርኢቱ በመጡ ሴቶች ላይ ስድብና ድብደባ ደረሰ። ልብሱን መተቸት የማንም መብት ነበረ፤ ለባሿን መምታት ግን የማንም መብት አልነበረም። ቅጽሉ ለቀሚሱ እንጂ ለሴቲቱ ክብር መለኪያ አልነበረምና።

እንግሊዞች «ፋሽነብል ሐሳብ»ም ይላሉ። ልብስ እንደሚያረጅ የሐሳብም ፋሽን ያልፋል፤ እውነት የሆነ ሐሳብ ግን አጨብጫቢ ቢያጣም እውነትነቱ አይቀርም።

እንግዲህ ይህን ቅጽል ስንሰማ «በማን ዘንድ? በየትኛው ጊዜ?» ብለን እንጠይቅ። «መልካም ነውን?» የሚለውን ጥያቄ ግን ለብቻው አቅርበን በራሳችን አእምሮ እንመልሰው።