የገበያ ሒሳብና የተማሪ ቤት ሒሳብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንዲት ምሁርና ስለ አንድ ጓደኛችን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን።

ጓደኛችን የዳባት አገር ልጅ ነበር። በየሳምንቱ ከእናቱ ጋራ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ድንች ይሸጣል። ገዥ «ሦስት ኪሎ ተኩል መዝንልኝ» ሲለው ዋጋውንም መልሱንም በቃሉ አስቦ ሳይሳሳት ይናገራል። ሰኞ ግን ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ያው ማባዛት ይጠፋበታል። እኛም እንስቅበት ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርቱን ተወ። «ራሱ ሒሳብ አይቀበልም» ተባለ፤ እኛም አመንን።

ኋላ ግን ስለ ፕሮፌሰር ቴሬዚኛ ኑኔስ ሥራ አነበብን። እኒህ የብራዚል ተወላጅ ሥነ ልቡና አጥንተው፥ በኒው ዮርክ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብለው፥ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሬሲፌ ከተማ አስተማሩ። በዚያም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆነ አምስት ልጆችን መረመሩ። ውጤቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ. ም. ታተመ። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ እንደ ገዥ ሲጠየቁ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያው ዓይነት ሒሳብ በወረቀት በባዶ ቁጥር ሲቀርብላቸው ግን ትክክል የሆነው ከመቶ 37 ያህል ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ምንድር ነው? ኮኮናት የሚሸጥ አንድ ልጅ የአንዱ ዋጋ 35 ሲሆን የአራቱን ሲጠየቅ፥ የሦስቱን 105 ላይ የአንዱን ጨምሮ 140 አለ። በወረቀት ላይ ግን የያዘውን 2 አስቀድሞ በ3 ላይ ደምሮ አበዛና 200 ጻፈ። በቃሉ ሲያስብ የቁጥሩን ትርጉም ያያል፤ በወረቀት ግን ያልገባውን ሕግ ይከተላል። እንግዲህ የጎደለው አእምሮ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ወንዙ ይሰፋል።

ፕሮፌሰሯ በኋላ በሎንዶንና በኦክስፎርድ አስተምረዋል፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ሒሳብን እንዴት እንደሚማሩም መርምረዋል። የሥራቸው መንገድ ሁለት እግር አለው፤ አንደኛው ሒሳብን ማወቅ፥ ሁለተኛው ልጅ እንዴት እንደሚያስብ በትዕግሥት መጠየቅ ነው። ይህ መንገድ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1947 ዓ. ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሥነ ልቡናን ያስተምራል። ከእኛ መካከል አንዱ ወይም አንዲቱ ሒሳብንና ሥነ ልቡናን አጣምሮ ቢማር፥ የዳባትና የደባርቅ ልጆች የሚጠቀሙበት ሰው ይሆናል።

ውድ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን፤ ልጅ ሲሳሳት «አይችልም» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አድርገህ አሰብኸው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ በትሕትና እንለምናለን። እኛ ተማሪዎችም ሰሌዳ ፊት በቆመ ጓደኛ ላይ ዳግመኛ እንዳንስቅ በፊታችሁ ቃል እንገባለን። ያ ጓደኛችን ዛሬም ቅዳሜ ገበያ ይሸጣል። ሒሳቡ አሁንም አይሳሳትም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።