ሽብርተኛን የሚይዘው መርማሪ ነው ወይስ ካድሬ?

(በቦሌ አካባቢ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ሽብርተኝነትን በመከላከል ረገድ የፖሊስ ሚና የሚጠናከርበት ሁኔታ» የሚል ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። እኔ ግን ወደ ሰፈራችን ላውርደውና ከቤት ኪራይ ልጀምር። ምን አገናኘው አትበሉኝ፤ ይገናኛል። በሙያዬ ጠበቃ ነበርኩ፤ ዛሬ ጡረታዬን ግቢዬ ውስጥ ባሉ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች የምደጉም አከራይ ነኝ። እዚህ ከተቀመጣችሁትም ገሚሱ አከራይ፣ ገሚሱ ተከራይ ነው። ስለዚህ የምናወራው ስለ ራሳችን ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤን ሊካፈሉ የመጡት የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥተው ወደ መሀል ከተማ ሲያመሩ፣ እዚሁ ቦሌ መንገድ ላይ መኪና ተገትሮ መንገዱ ተዘጋባቸውና ጥይት ዘነበባቸው። ጥይት የማይበሳው መርሴዲሳቸው ዞሮ ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ሰውዬው በዚያው ዕለት አገራቸው ገቡ። ሙባረክ ተረፉ። ሁለት ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ግን አልተረፉም። የሙባረክን ማምለጥ ዓለም ሲያወራው ኖረ። የሁለቱን ፖሊሶች ስም ከእኛ ውስጥ ስንቱ ያውቃል? የፖሊስ ሚና ሲባል እኔ መጀመሪያ የማስበው እነሱን ነው።

ጥቃቱን ያደረሱት አል-ጋማዓ አል-ኢስላሚያ የሚባለው የግብፅ ቡድን ሰዎች ነበሩ። ከሰማይ አልወረዱም። እዚህ ከተማ ቤት ተከራይተው፣ መኪና አዘጋጅተው፣ እንደማንኛውም ሰው ወጥተው ገብተው ነው የከረሙት። አንድ አከራይ በር ከፍቶላቸዋል፣ አንድ ባለ ሱቅ ሲጋራ ሸጦላቸዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ሦስት ተጠርጣሪዎች ተያዙ፤ ሌሎች ሦስት ሱዳን መግባታቸው ተደረሰበት። ኢትዮጵያ ነገሩን ይዛ ተባበሩት መንግሥታት ሄደች። የጸጥታው ምክር ቤት በጥር 1988 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ሦስቱን አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ፤ ካርቱም እምቢ ስትል በሚያዝያ ወር በቁጥር 1054 የዲፕሎማሲ ማዕቀብ ጣለባት። የተያዙት ሦስቱ መስከረም 1989 ላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣት ወሰነባቸው። ደሃ አገር የጸጥታውን ምክር ቤት ያሳመነችው በጩኸት አይደለም። ማን በየትኛው ፓስፖርት ገባ፣ የት አደረ፣ በምን አውሮፕላን ወጣ የሚል የምርመራ ውጤት ይዛ ስለቀረበች ነው። ያንን መንግሥት እያሞገስኩ አይደለም፤ በዚያው ዘመን የነፃው ፕሬስ ጋዜጠኞች በየጊዜው ወህኒ ሲወርዱ ያየን ሰዎች ነን። ግን መርማሪ ሥራውን ሲሠራ ምን ማድረግ እንደሚችል ያ መዝገብ ምስክር ነው።

በ1988 ዓ.ም. ጊዮን ሆቴልና ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን በጥይት ቆስለው ተረፉ። የነዚህ ጥቃቶች ጣት ያመለከተው ከሶማሊያ በኩል ወደነበረው አል-ኢትሃድ ነበር። ይህን የማነሳው አንድ ነገር እንዳይሳት ነው፤ ሽብር በዚህ አገር የመንግሥት ፈጠራ ብቻ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፣ አልስማማም። ሰው ሞቷል። ደግሞም ሊሞት ይችላል።

አሁን ወደ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እንምጣ። እሑድ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር የሚጫወትበት ቀን። ከተማው በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ አብዷል። በዚያ ቀን እዚሁ ቦሌ አንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈነዳና ሁለት የሶማሊያ ዜጎች ሞቱ። መንግሥት እንደገለጸው ሰዎቹ አጥፍቶ ጠፊዎች ነበሩ፤ የብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ ተገኝቶባቸዋል፤ ያሰቡት ኳስ ሊያይ በወጣው ሕዝብ መሀል ለመግባት ነበር። እስቲ አስቡት! የዚያን ቀን ከተማውን ያዳነው ፖሊስም ደኅንነትም አይደለም። ቦምቡ ራሱ ቀድሞ ፈነዳ፣ ይኸው ነው።

ታዲያ ሕግ አልነበረም? ነበር እንጂ! በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 15 ላይ ቤት ያከራየ ሰው የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር። እዚህ ካላችሁት አከራዮች በዚያን ጊዜ ጣቢያ ሄዳችሁ ያስመዘገባችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ ይወጣል? (ሳቅ) አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከፍንዳታው በኋላ «ተከራዮቻችሁን አሳውቁ» የሚለው ማሳሰቢያ በረከተ።

ለምን አልሄድንም? ስንፍና ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሌላ ምክንያት ይታየኛል። ፖሊስ ጣቢያ ስም ይዞ መሄድ ምን እንደሚያመጣ ስለማናውቅ ነው። ያ አዋጅ አንቀጽ 15 ብቻ አልነበረውም። አንቀጽ 20 የሚባልም ነበረው፤ ተጠርጣሪን ቢያንስ በ28 በ28 ቀን ቀጠሮ እስከ አራት ወር ክስ ሳይመሠረት ማቆየት የሚያስችል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይለፍ ይላል። አንቀጽ 23 ደግሞ ነበረ፤ የደኅንነት ሪፖርት ምንጩ ማን እንደሆነ፣ መረጃው እንዴት እንደተገኘ ሳይገለጽ በማስረጃነት ይቀርባል የሚል። አስቡት እንግዲህ፤ ጠበቃ ሆናችሁ ቆማችኋል፣ ደንበኛችሁን ማን እንደከሰሰው አታውቁም፣ ልትጠይቁትም አትችሉም። አንዲት አከራይ እናት «ተከራዬ ማታ ማታ እንግዳ ያበዛል» ብላ ብትናገር ልጁ ማዕከላዊ አራት ወር ሊከርም ነው። እሷም በሰፈሩ አፍ ስትነሳ ትኖራለች። ዝም አይነቅዝም ብላ ብትቀመጥ ማን ይፈርድባታል?

ቦሌ ያ ቦምብ ከፈነዳ ከስድስት ወር ትንሽ ካለፈ በኋላ፣ በሚያዝያ 2006፣ መንግሥት ስድስት የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞችን ይዞ አሰረ። በሽብር ተከሰሱ። ከክሱ ውስጥ አንዱ የኢሜይል ምስጢር መጠበቂያ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ የገሚሶቹ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ከነሱ በፊት እስክንድር ነጋ በ2004 በዚሁ አዋጅ 18 ዓመት ተፈርዶበት እስከ የካቲት 2010 ታስሯል። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ የእነዚህን ልጆች ጽሑፍ ሲያነብ፣ ኢሜይላቸውን ሲበረብር የከረመው መርማሪ በዚያን ጊዜ የቦሌን ኪራይ ቤቶች እያጣራ ቢሆን ኖሮስ? የመርማሪ ጊዜ እንደ ጤፍ ነው፤ አንዱ ቤት ከተሰፈረ ለሌላው ይጎድላል።

እንግሊዞችም ተሳስተውበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰው ሲሞት፣ ፓርላማቸው በቀናት ውስጥ የፀረ ሽብር ሕግ አወጣ፤ ፖሊስ ስድስት አየርላንዳውያን ይዞ ደብድቦ አሳመነ። ስድስቱ 16 ዓመት ታስረው በ1991 ነፃ ወጡ። ቦምቡን ያፈነዱትስ? እስከ ዛሬ ማንም አልተፈረደበትም። ዱላ የሚያወጣው የፈለግከውን ቃል ነው፣ ወንጀለኛውን አይደለም።

እኛ ዘንድም ያው ሆነ። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ በተጠራው ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ሁለት ሰው ሞተ፣ ከመቶ በላይ ቆሰለ። ያኔ አዋጅ 652 ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። አራት ወር ማሰር የሚችል፣ ስልክ የሚጠልፍ፣ ምንጭ የማይጠየቅ ተቋም ገንብተናል ተብለን ነበር። ምርመራውን ለማገዝ ግን የኤፍ ቢ አይ ባለሙያዎች ከአሜሪካ መጡ። ለማሰር ሠልጥነን ለመመርመር ሳንሠለጥን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሄደ።

አንድ ነገር ደግሞ ለፖሊሶቹ ተቆርቁሬ ልናገር። ፓርላማው በ2003 ግንቦት ሰባትን፣ ኦነግንና ኦብነግን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር ደርቦ ሽብርተኛ አላቸው። በ2010 ሦስቱን ፋቀ፤ አመራሮቻቸው በዚሁ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በአበባ ገቡ። በሚያዝያ 2013 ሕወሓትና ሸኔ ተሰየሙ፤ መጋቢት 2015 ላይ ሕወሓት ተሰረዘ። እርቁ መልካም ነው፣ እርቅ አልጠላም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ «አድን» የተባለውን ሰው በማግስቱ «እጀብ» የሚባል ፖሊስ ምን ይማራል? ወንጀል የሚባለው የተሠራው ድርጊት ሳይሆን የላይ ቤት ስሜት ነው ብሎ ይማራል። እንዲህ የተማረ ፖሊስ ደግሞ የሚያነበው ማስረጃ ሳይሆን የአለቃውን ፊት ነው።

በ2012 አዋጅ 652 ተሽሮ ቁጥር 1176 ወጣ። ይሻላል፤ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ ሽብር እንዳልሆኑ ለይቶ ይናገራል። ሆኖም በ2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት በዚህ ከተማ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በጎረቤት ጥቆማ ሰው ከቤቱ ይወሰድ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገልጿል። «ምን ሲያደርግ አየኸው?» ተብሎ መጠየቅ የነበረበት ጠቋሚ «ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ቦሌ ሚካኤል ያሉ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ይህን ጥያቄ ከኛ በፊት ያውቁታል።

ስለዚህ የፖሊስ ሚና ይጠናከር ስትሉ እስማማለሁ፤ ግን እንዴት? የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። የሽብር ወንጀል የፖሊስ መርማሪ ይያዘው፤ ደኅንነት ፍንጭ ይስጥ፣ ፍንጩን ግን መርማሪው በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት ወደሚችል ማስረጃ ይለውጠው፣ ካልተለወጠ ሰው አይታሰርበት። ቀጠሮ ሲጠየቅ ዳኛው «ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራህ?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልስ ከሌለ ይፍታ። የቦሌ ጣቢያ መርማሪ ሰፈሩን እስኪያውቅ አንድ ቦታ ይቆይ፤ እኛም እሱን በስሙ እንወቀው። ዛሬ በ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ የወጣው ለኪራይ ቁጥጥር ነው። ፖሊስ ያንን መዝገብ ማየት ሲፈልግ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በታወቀ ጉዳይ፣ በታወቀ ስም ይይ። የጥቆማ ቅጹም ላይ ቀንና ሰዓት፣ የታየው ድርጊት ይጻፍበት። የብሔር ሳጥን አይኑርበት።

ከጣቢያው የመጣ መኮንን ከኋላ ተቀምጦ አይቻለሁ፤ እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። መጀመሪያ ላንተ ዕድል ይሰጥህ፤ ከዚያ አከራዮች ትጠይቁታላችሁ።